የጢስ ልክ

ጢስ በቋንቋችን ውስጥ መልካም ስም አላተረፈም። ሐሜት ሲናፈስ «እሳት በሌለበት ጢስ አይታይም» ይባልና ሳይጠራ ምስክር ይሆናል፤ የተደበቀ ነገር ሲገለጥም «ጢስ መውጫ አያጣም» ተብሎ ይተረትበታል። በሌላ ሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ ያርስ የነበረው ገበሬ እንኳ «ጭሰኛ» መባሉ ከዚሁ ቃል የመጣ ነው፤ ላቡና ጉልበቱ ሳይሆን ከጣራው ላይ የሚወጣው ጢስ መጠሪያ ሆነው። ጭሰኝነት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቀርቷል፤ ቃሉ ግን ከሽማግሌዎች አፍ ገና አልጠፋም።

እኔ ስለ ጢስ ጥቂት በጎ ነገር መናገር የምወድ ሰው ነኝ። ይህም የተወለድሁት በጅጋ አካባቢ ስለ ሆነ ነው። ጅጋ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ጐዳና ላይ፣ ደምበጫን አልፈው ፍኖተ ሰላም ሳይደርሱ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ዙሪያዋ የበቆሎ፣ የጤፍና የዳጉሳ አገር ነው። በዚያ አገር ላደገ ሰው ጢስ እንደ ፈትልና እንደ ጠመቃ ያለ የቤት ሙያ ነው፤ የሚያውቀው አለ፣ የማያውቀውም አለ፤ የሚያሳምረው አለ፣ የሚያበላሸውም አለ።

ነገሩን በጥብቅ እንዳስበው ያደረገኝ፣ ለመስቀል በዓል ወደ አገሬ በሄድሁ ጊዜ የእኅቴ ልጅ ያመጣብኝ ጥያቄ ነው። ልጁ የዐሥራ አምስት ዓመት ጐረምሳ ነው፤ በትምህርቱ የማይሰንፍ፣ ነገር ግን ከመጽሐፉ ይልቅ ለስልኩ የሚተጋ። በደመራው ዋዜማ ወደ እኔ ተጠግቶ «ጋሼ፣ ቀለም ያለው ጢስ የሚያወጣ ቦምብ ቤት ውስጥ ባለ ዕቃ ይሠራል፤ አይቼዋለሁ። የጐደለኝ ትንሽ ገንዘብ ብቻ ነው» አለኝ። እናቱ ቦምብ የሚለውን ቃል ስትሰማ የያዘችውን ወንፊት አስቀምጣ ቀና አለች። በዚህ ዘመን በእኛ አገር ከሩቅ ጢስ ያየ ሰው አስቀድሞ ወደ ልቡ የሚመጣበት ምን እንደ ሆነ ልጁ አላሰበም፤ እርሱ ያሰበው የበዓል ጨዋታ ነው። እኔም «ተው» አልሁት። እርሱ ግን እንደ ጠበቃ ቆሞ «እምዬ ጋኑን ያጥኑ የለም ወይ? አባባስ ንቡን ያጤሱ የለም ወይ? ያም በቤት ዕቃ ነው፤ ይህም በቤት ዕቃ ነው፤ ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?» ሲል መለሰልኝ።

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በዚያ ማታ ግን ችቦው ተለኩሶ፣ ጎረቤቱም ወጥቶ ስለ ነበር ብዙ ለመነጋገር አልተመቸንም። የሚከተለው ያን ጊዜ ልመልስለት የሚገባኝ ነው።

ከንቡ ልጀምር። በእኛ አገር ዋናው የማር ቈረጣ የሚሆነው የአደይ አበባና የመጭ አበባ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። አባቴ ቀፎ የሚከፍቱት ዐይን ለዐይን መተያየት እስኪያስቸግር ከመሸ በኋላ ነው፤ ለጢሱ ግን ገና ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ይዘጋጃሉ። የሚመርጡት ዝናብ ያልነካው፣ ውስጡ ጠንከር ያለ የደረቀ ኩበት ነው። ኩበቱ ከተቀጣጠለ በኋላ ነበልባሉን ያጠፉና ፍሙን በገል ላይ አድርገው ጥቂት ርጥብ ቅጠል ይጥሉበታል። ጨርቅ አያስነኩም። «የጨርቅ ጢስ ሽታው በማሩ ላይ ይቀራል» ይላሉ። ከዚህ በኋላ ገሉን ወደ ቀፎው አፍ አስጠግተው በአፋቸው እፍ ይላሉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ያቆማሉ።

ልጅ ሳለሁ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ማቆማቸው ነበር። ንቡ በቀፎው ውስጥ እንደ ክረምት ወንዝ እየተመመ እርሳቸው ገሉን ወደ ጎን ይዘው ዝም ብለው ይጠብቃሉ። እኔ ከኋላቸው ነጠላ ተከናንቤ «አባባ፣ ጨምሩበት እንጂ!» ስል፣ ዞር ሳይሉ «አሁን እየበላ ነው፤ ተወው ይብላ» ይሉኛል።

ምን እንደሚበላ የተረዳሁት እጅግ ዘግይቶ ነው። ንብ ጢስ ሲሸተው ወደ ማሩ ገብቶ ሆዱ እስኪሞላ ይጐርሳል፤ ሊቃውንት እንደሚሉት ቤቱ የሚቃጠልበት መስሎት ለስደት ስንቅ መያዙ ነው። ሆዱ የሞላ ንብ ደግሞ ለመንደፍ አይቸኵልም። ሁለተኛም ምክንያት አለ። ንብ ሲደነግጥ ወይም ሲነድፍ የበሰለ ሙዝ የሚመስል ሽታ ይለቃል፤ ወገኖቹም ያን ሽታ ተከትለው ይዘምታሉ። ጢስ ይህን ሽታ ይሸፍንባቸዋል። የክተት ነጋሪት ተመትቶ ድምፁ ሳይሰማ ቀረ እንደ ማለት ነው። ስለዚህ በሦስት እፍታ ነገሩ ይበርዳል። ከዚያ በላይ ያጤሰ ሰው ግን ሁለት ነገር ያጣል፤ ንቡ ቀፎውን ትቶ ይኰበልልበታል፤ ማሩም ጢስ ጢስ ይላል፤ በገበያ ቀን ነጋዴው በጣቱ ጫፍ ቀምሶ ፊቱን ያጨማድድና ዋጋውን ይሰብራል።

ይህ ሙያ የእኛ ብቻ አይደለም። በግብፅ አገር በቴብስ በሚገኘው የሬክሚሬ መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ከ3,400 ዓመት በፊት ገደማ በተሣለ ሥዕል፣ አንዱ ሰው የሚጤስ ዕቃ ይዞ ሌሎቹ ማር ሲያወጡ ይታያል። ወናፍ የተገጠመለትን ማጤሻ ያወጣው ሞዜስ ኲንቢ የተባለ አሜሪካዊ ንብ አርቢ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ነው፤ ዛሬ ከዘመናዊ ቀፎ ጋራ ወደ ገበሬው የሚደርሰው የቆርቆሮ ማጤሻ የዚያ ዘር ነው። አባቴም አንድ አግኝተዋል። ቆርቆሮውን ወደዱት፤ ኩበቱን ግን አልለወጡም።

የእናቴ ጢስ ከዚህ የተለየ ነው። የጠላውን ጋን አስቀድመው በግራዋ ቅጠል አሽተው ያጥቡታል፤ ከተጠነፈፈም በኋላ የወይራ ስንጣሪ በፍም ላይ ያደርጉና ጋኑን በአፉ ይደፉበታል። ጢሱ መውጫ አጥቶ በጋኑ ሆድ ውስጥ ይመላለሳል። በዚህ ጊዜ እናቴ የሚሠሩት ነገር ያለ አይመስልም፤ ጥጥ ይዳምጣሉ ወይም ከጎረቤት ጋራ ያወጋሉ። ድንገት ግን ወሬያቸውን አቋርጠው የጋኑን ጀርባ በመዳፋቸው ይዳብሳሉ፤ ሙቀቱ በእጃቸው ሲደርስ ያነሡታል። ሰዓት አይቈጥሩም። ቈይቶ የተነሣ ጋን ጠላውን ያመርረዋል፤ ቶሎ የተነሣም ቶሎ ያስቈመጥጠዋል፤ የወይራ ጢስ ለጠላው ጣዕም ከመስጠቱም በላይ የሚያበላሹትን ጥቃቅን ሕያዋን ይቀንሳልና። ቋንቋችንም ይህን ሥራ ማጤስ ብሎ አልጠራውም፤ ከዕጣን ጋራ አዛምዶ «ማጠን» አለው። አንድ ቋንቋ ለአንድ ነገር ሁለት ቃል ሲያበጅ ከበስተኋላው ብዙ ዘመን የሠሩ እጆች አሉ ብዬ አምናለሁ።

ስለ ትንኝ ጢስ ብዙ አልልም። ወደ ብር ወንዝ ቆላ የወረደ ሰው ማታ ማታ ቅጠል እያጤሰ ያድር ነበር፤ ጢሱም ትንኝን ጥቂት ያርቃል። ወባን ግን አይመልስም። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች በተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል፤ ጢስ ያልነበረበት ጎጆ ግን አልነበረም። ጢስን የምናመሰግነው በሚችለው ነገር ብቻ ነው።

እንግዲህ ጢስ ራሱ ምንድን ነው? ጢስ ነድዶ ያላለቀ ነገር ነው። እሳት ደረቅ እንጨትና የሚበቃውን ነፋስ ሲያገኝ ይነዳል እንጂ ብዙ አይጤስም። ነፋሱ ሲጐድልበት ወይም እንጨቱ ርጥብ ሲሆንበት ግን ሊያቃጥለው ያልቻለውን ነገር በደቃቅ ብናኝ፣ በእንፋሎትና ዝፍት በሚመስል ጠብታ አድርጎ ወደ ላይ ይሰድደዋል። ስለዚህ ጢስ የሚሠራ ሰው ዋና ተግባሩ እሳትን ማንደድ ሳይሆን ማጉደል ነው። አባቴ ርጥብ ቅጠል ሲጥሉበት፣ እናቴም ጋኑን ሲደፉበት ሁለቱም እሳቱን ነፋስ ይነሡታል። ጢሱ እንዲበዛ ሲሹ እፍ ይላሉ፤ እንዲያበቃ ሲሹ በዐመድ ያዳፍኑታል። ልጓሙ ከእጃቸው አይወጣም።

ልጁ በስልኩ ያየው ነገር የማይመሳሰለው በዚህ ነው። ከምን ከምን እንደሚሠራ እዚህ አልዘረዝርም፤ መጽሔት በማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅምና። ጠባዩን ብቻ ልናገር። ለመንደድ የሚያስፈልገውን አየር ከውጭ የሚለምን አይደለም፤ ከራሱ ጋራ ተሸክሞት የሚመጣ ድብልቅ ነው። ስለዚህ ቢደፉበት አይታፈንም፤ ዐመድ ቢያለብሱት አይዳፈንም፤ እንዲያውም ሲጠብቡበት ይብስበታል። አንዳንዱም ገና በመዘጋጀት ላይ ሳለ ሳይታሰብ ይነሣል፤ የሚነሣውም ባጐነበሰበት ሰው ፊትና እጅ ላይ ነው። በየአገሩ ጣታቸውንና ዐይናቸውን ያጡ ልጆች አሉ፤ ያጤሱትም በቤት ዕቃ ነበር። «የቤት ዕቃ» የሚለው ቃል ያታልላል፤ ቢላዋም የቤት ዕቃ ነው።

የመስቀል ማግሥት አባቴ ልጁን ጠርተው ባዶ ቀፎ እንዲያጥን አዘዙት፤ ወቅቱ ንብ የሚሰድድበት ነውና ቀፎው ሸትቶት ሰፋሪ እንዲገባበት ነው። ልጁ ዐይኑ እየቀላ፣ እያሳለም ሠራው። ከጨረሰ በኋላ ቀና ብሎ «ይህ እኮ ቀለም የለውም» አለ። አባቴም «ንቡ ቀለም አምጡልኝ አላለም» አሉት። ሁላችንም ሳቅን፤ ልጁ ግን የሳቀው ከሁላችን ዘግይቶ ነው።

ጐጃሜ ስለ ጢስና ስለ ቦምብ በአንድነት ሲነሣ የሚያስታውሰው ሌላ ነገርም አለው። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ የጐጃም ጦር በገዢው በራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ መሪነት ወደ ሽሬ ዘምቶ ነበር። በታኅሣሥ ወር በተከዜ ወንዝ አጠገብ ሳለ የጠላት አውሮፕላኖች በርሜል የሚመስል ነገር ጣሉበት። ዕቃው መሬት ሲነካ ይሰበራል፤ ከውስጡም ቀለም የሌለው ፈሳሽ ይረጫል። ፈሳሹ የነካቸው ሰዎች እጃቸው፣ እግራቸውና ፊታቸው እየተቃጠለ ውኃ መቋጠር መጀመሩን ራስ እምሩ በኋላ ተናግረዋል። ነገሩ ኢፕሪት የሚባለው መርዝ ነበር። ጣሊያን ይህን የመሰለውን መሣሪያ የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቭ ውል ከፈረሙት መንግሥታት አንዷ ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱም ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ይህንኑ ለዓለም አስረዱ።

በአማርኛ ይህን ነገር «የመርዝ ጢስ» ማለት የተለመደ ሆኗል። ስለዚህ አጠራር ሳስብ ልቤ ይነካል። በዚያ ወንዝ ዳር የቆሙት ሰዎች ከደምበጫ፣ ከቡሬ፣ ከየገጠሩ የሄዱ ገበሬዎች ናቸው፤ ጢስን እንደ እነርሱ የሚያውቅ ሰው ከወዴት ይገኛል? ጢስ ሲመጣ ነፋሱን አይቶ ወደ ጎን ማለት፣ ነጠላን በውኃ አርሶ አፍንጫን መሸፈን፣ ጐንበስ ብሎ እስኪያልፍ መታገሥ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በጎጆ ውስጥ የተማሩት ነው። ያ መርዝ ግን ጢስ አልነበረም። በሣሩ ላይ ተቀምጦ ባዶ እግርን ይጠብቃል፤ በውኃው ላይ ሰፍሮ የተጠማን ይጠብቃል። የሚያልፍ መስሏቸው ታግሠውት ይሆናል። ነጠላቸውን ያራሱት ከዚያው ወንዝ ይሆናል። የልጅ ጨዋታን ከዚህ ጋራ ማመሳሰሌ አይደለም። ነገር ግን አባቴ በቀፎው አፍ እፍ ሲሉ ፊታቸው ከንቡ ፊት አንድ ክንድ አይርቅም፤ ቢበዛ እርሳቸውም ያስላሉ፤ ቢሳሳቱ እርሳቸውም ይነደፋሉ። ከላይ የጣለው ሰው ግን ሳይስል ተመልሶ እራቱን በላ።

ይህን ካልሁ በኋላ ስለ ገዛ ቤታችን ጢስ ዝም ብል አድልዎ ይሆንብኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ በሚነሣ የምድጃ ጢስና የአየር ብክለት ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል። ከእነዚህ መካከል ሕፃናትም አሉ፤ በእናታቸው ጀርባ ላይ ታዝለው በምጣዱ አጠገብ ያደጉ። ይህ ጢስ ማንም ሰው አስቦ የሚሠራው አይደለም፤ እንጀራ ሲጋገር ሳይጠሩት የሚመጣ ነው። ጋኑ በመዳፍ ሲለካ፣ ቀፎው በእፍታ ሲቈጠር፣ በሴቶችና በሕፃናት ደረት ውስጥ የሚገባውን ጢስ ግን በእኛ ቤት ማንም ለክቶት አያውቅም።

በሌላ በኩል ደግሞ ጢስ ያላጠፋውን ጥፋት ይሸከማል። እናቴ የቀኝ ዐይናቸው ብርሃን ሲደክም ዘመናቸውን ሁሉ «ጢስ ነው ያጠፋኝ» ሲሉ ኖረዋል። ወደ ጤና ጣቢያ በተወሰዱ ጊዜ ግን የታየው ትራኮማ ነው፤ የዐይናቸው ቆብ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ሲፍቀው ኖሯል። ይህ በሽታ በዝንብ፣ በእጅና በፊት መጥረጊያ ጨርቅ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ሕዋስ የሚያመጣው ነው፤ የአማራ ክልልም በዓለም ላይ እጅግ ከተጐዱት አገሮች አንዱ ነው። ጢስ ዐይንን ያስለቅሳል፣ ይቈጠቍጣል፤ ይህን በሽታ ግን አልወለደም። እናቴ ቆባቸው በቀዶ ጥገና ተስተካክሎላቸው ሕመሙ ቀለለ፤ የጠፋው ብርሃን አልተመለሰም። ለዘወትር ሳላቸው ግን ጢስን አልከሰሱትም። «እርጅና ነው» ይላሉ።

ባለፈው ዓመት እኅቴ «ምርጥ» የሚባለውን ከሲሚንቶ የሚሠራ የእንጀራ ምድጃ አስመጣችላቸው። ይህ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋራ ሲመዛዘን የማገዶውን ፍጆታ በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ጢሱም እንዲሁ ያንሳል። እናቴ በሁለት ቀን ለመዱት። የጋገሩትን እንጀራ እያነሡ «ዐይኔን ሳልጠርግ ጨረስሁ» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ፤ ጐረቤቶችም እየመጡ አዩት።

ይሁን እንጂ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ችግር ተገኘ። በእኛ አገር ለዘር የተመረጠው የበቆሎ ዛላ ከእነ ገለባው እየታሰረ ከምድጃው በላይ ይሰቀላል፤ ዕለት ዕለት የሚያገኘው ጢስም ከነቀዝ ይጠብቀዋል። የሣሩንም ጣራ ከምስጥና ከብስባሴ የሚያቆየው ይኸው ጢስ ነው። እናቴ ወደ ላይ አንጋጠው ዘሩን አዩ፤ ከዘሩ ወደ ምድጃው አዩ፤ ለብዙ ጊዜም ሳይናገሩ ቈዩ። ከዚያ በጓሮ ያለችውን አሮጌ የዕቃ ጎጆ አስጠርገው ሦስቱን ጉልቻ ወደዚያ አዛወሩ፤ ዛላውንም በዚያ አሰቀሉ። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ማታ ማታ ፍምና ርጥብ ቅጠል ይዘው ይሄዳሉ፤ ጢሱ መነሣቱን አይተው በሩን ይዘጉና ከውጭ በድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። የእኅቴ ልጅም ሲመሽ አብሮአቸው ይወጣል፤ በበሩ ስንጥቅ የሚወጣውን እየተመለከተ መቼ እንደሚበቃ ይጠይቃቸዋል።